የዘመመው ቤት ሰምና ወርቅ፤ ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ድህነት የሚነገር ግጥም እንዴት እንደሚፈታ

በአማርኛ ግጥም ውስጥ ድህነትን ለመግለጽ ከሚመረጡት ነገሮች አንዱ ቤት ነው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ በእንጨት የተደገፈ ጎጆ በእንጉርጉሮም በቅኔም ዘወትር ይነሣሉ። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ግን እንዲህ ያለውን ግጥም ስናስተምር ብዙ ጊዜ «ቤቱ የድህነት ምሳሌ ነው» እንልና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አፈታት ጎደሎ መሆኑን ማስረዳት ነው። የቤትን ሥራ ያላወቀ አንባቢ ሰሙን አያውቅም፤ ሰሙን ያላወቀም ወደ ወርቁ ሊደርስ አይችልም። በሥራው በኩል ሲፈታ ደግሞ የዘመመ ቤት ግጥም «ድሃ ነኝ» የሚል ልቅሶ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «ይህን ቤት ማደስ የማን ፈንታ ነበር» የሚል ጥያቄ ይሆናል።

1. ስለ ሰፈሩ

ይህን አሳብ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምኖርበት ሰፈር ከላምበረት ነው። ላምበረት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው የታወቀ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ ሲከፈል «ላም» እና «በረት» ይሆናል። ስለ ስሙ አመጣጥ ለመከራከር አልነሣም፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ የማደሪያ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። በረት የከብት ማደሪያ ነው፤ ከበረት የሚወጣው እበትም ለሰው ማደሪያ የወለልና የግድግዳ መለቅለቂያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሲሚንቶ ፎቆች ቆመዋል። ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቀጭን መንገድ የተከተለ ሰው ግን ከቆርቆሮ አጥር በስተኋላ የጭቃ ቤት ማየቱ አይቀርም።

በውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ ከተመለስሁ በኋላ ለተማሪዎቼ የሰምና ወርቅ መልመጃ እንዲሆን ስለ ዘመመ ቤት አንድ አጭር ግጥም አቀናሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ቤቱ የሚወድቀው ጭቃው ደካማ ስለሆነ ነበር፤ ዝናቡ ሲመታው እየሟሟ ይፈርሳል፤ ድሃውም እንደ ጭቃው ነው የሚል አሳብ ነበረው። ያን ረቂቅ በምርጊት ሥራ ዕድሜያቸውን ላሳለፉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አነበብሁላቸው። አባባ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ ይህን የጻፈው ሰው በእግሩ ጭቃ ረግጦ አያውቅም አሉኝ። ጭቃ ምንም አላደረገም፤ ቤት የሚወድቀው ወይ በእግሩ ወይ በራሱ በኩል ነው፤ ይኸንንም ማንም የሠራ ሰው ያውቃል አሉ። ነገሩ ቢያሳፍረኝም እውነት ነበርና ግጥሙን ቀድጄ፣ ከማቅናቴ በፊት ሥራውን ለመማር እሳቸው ዘንድ ተመላለስሁ።

2. ስለ ጭቃ ቤት አሠራር

የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት አጥንቱ እንጨት፣ ሥጋው ጭቃ ነው። በመጀመሪያ ቋሚዎቹ በተቆፈረው ጉድጓድ ይተከላሉ። እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህም ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለከተማይቱ ማገዶም ቤት መሥሪያም ሆኗል። በቋሚዎቹ ላይ ማገሩ በአግድም ይመታል። ከዚያም አፈሩ ከጭድ ጋር በውሃ ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል፤ ለጥቂት ቀናት ከከረመ በኋላ እንደገና ተረግጦ በማገሩ መካከል ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እርስ በርሱ ያያይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ መሰንጠቁን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል፤ በመጨረሻም ልስኑ ይመጣል። በውስጥ በኩል ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራው ከፍ ያለ የጭቃ መቀመጫና መኝታ መደብ ይባላል። ጣሪያው ቀድሞ ሣር ነበር፤ ኋላ ግን ቆርቆሮ ተተካ።

እንዲህ ሆኖ የተሠራ ቤት በየጊዜው ከታደሰ ብዙ አሥር ዓመታት ይቆማል። የቤቱ ጠላት ውሃ ነው፤ ውሃውም በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ከላይ ነው፤ ቆርቆሮው ሲዝግ ወይም የሚስማሩ ቀዳዳ ሲሰፋ ጠብታው በግድግዳው ራስ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ከታች ነው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ይበላል፤ በመሬት ውስጥ ያለው ቋሚም በእርጥበትና በምስጥ ይበሰብሳል። ቋሚው ሲበሰብስ ጭቃው ገና ጠንካራ ሳለ ቤቱ ይዘምማል። ያን ጊዜ በውጭ በኩል ባላ፣ ማለት ጫፉ ሁለት የሆነ ደጋፊ እንጨት፣ ይቆምለታል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበዛው በክረምቱ ወራት የሚወርድ ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊት ቆርቆሮውን ያልጠገነ፣ ከክረምት በኋላም ምርጊቱን ያላደሰ ቤት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጎድላል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አንድ ነው። የጭቃ ቤት ደካማነት ከጭቃው የሚመጣ አይደለም፤ ሳይታደስ ከመቅረቱ የሚመጣ ነው።

3. ግጥሙ

ከዚህ ትምህርት በኋላ እንደገና ያቀናሁት ግጥም የሚከተለው ነው። የእኔ ድርሰት በመሆኑ ስለ ውበቱ አልከራከርም፤ ለምሳሌ ያህል ብቻ አቀርበዋለሁ። ቃላቱ ግን የእኔ አይደሉም፤ የሰፈሩና የቋንቋው ናቸው።

ሌላው ከተማውን ቆርቁሮ ኮራበት፤
እኔን ቆረቆረኝ መደብ ተኝቼበት።
ጎረቤቴ ሁሉ ባለቤት ተባለ፤
የኔ ቤት ሲዘምም ባላ ላይ ተጣለ።
ቅኔ ልቀኝ ብዬ ቃሉ ሲሰምርልኝ፤
ግጥሜን ቤት ሳልደፋ ክረምቱ ደፋልኝ።

ልኩ ወል ቤት ነው። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም ሐረግ 6 ቀለም ይገኛል፤ ሌ-ላው-ከ-ተ-ማ-ውን፤ ቆር-ቁ-ሮ-ኮ-ራ-በት። የአማርኛን ግጥም ዓይነትና ልክ መንግሥቱ ለማ አጥንተው ስለ ጻፉበት እዚህ ላይ አልዘገይም።

4. አፈታቱ

እንደሚታወቀው ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ይይዛል፤ ወርቁ ሲፈስስበት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ሁለቱን ትርጉም በአንድነት የሚሸከመውን ቃል ኅብር እንለዋለን። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ሰብስበው ያሳተሙትን «አማርኛ ቅኔ» የተመለከተ አንባቢ ኅብሩ ብዙ ጊዜ ከዕለት ኑሮ ቃል የሚወሰድ መሆኑን ያውቃል። በእኛም ግጥም ኅብሮቹ ሁሉ ከቤት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ኅብር «ቆረቆረ» ነው። ከተማ ቆረቆረ ማለት መሠረተ፣ አቀና ማለት ነው፤ መኝታው ቆረቆረኝ ማለት ደግሞ ጎኔን ወጋኝ፣ አላስተኛኝም ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች ስንል የምንጠቀምበት ቃል፣ አፈር ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሣ የሚጠቀምበት ያው ቃል ነው። ሁለቱን መስመሮች የያዛቸው ይህ አንድ ግሥ ነው፤ በአንዱ ዘንድ ክብር ሲሆን በሌላው ዘንድ ሕመም ይሆናል። ከዚህ በላይ በግጥሙ ውስጥ አስቤ ያስቀመጥሁት ነገር አልነበረም። አንዲት ተማሪዬ ግን «መደብ» የሚለውን ቃል አነሣች። መደብ በአሮጌው ቤት የጭቃ መኝታ ነው፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ግን ቃሉ በይበልጥ የታወቀው የኅብረተሰብ ክፍል መጠሪያ ሆኖ ነው። ስለዚህ የሚቆረቁረው ነገር አፈሩ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የተመደበበት ቦታም ነው አለች። ባላስበውም ተቀበልሁት፤ ቃሉ ይሸከመዋልና።

ሁለተኛው «ባለቤት» እና «ባላ» ናቸው። እዚህ ላይ ፍጹም ኅብር የለም፤ የድምፅ መቀራረብ ብቻ ነው። ባለቤት የሚለው ቃል በቋንቋችን ክቡር ቃል ነው። የንብረት ጌታ ባለቤት ይባላል፤ ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን በአክብሮት ሲጠራ «ባለቤቴ» ይላል፤ በሰዋስው ትምህርታችንም የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ ባለቤት እንለዋለን። ባላ ግን ከዱር የተቆረጠ ደጋፊ እንጨት ነው። ጎረቤቱ ባለቤት ሲሆን የእርሱ ቤት የሚደገፈው በባላ ነው፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ጌትነቱ እንጨት ሆኖ ቀረ። ቀድሞ በጻፍሁት ግጥም ድሃው እንደ ጭቃው ደካማ ነበር፤ በዚህኛው ግን ጭቃው ጨርሶ አልተነሣም። ቤቱን ያዘመመው የባለቤት እጦት ሆነ።

ስለ ሰዋስው ካነሣሁ አይቀር ሌላው ተማሪዬ ያሳየኝን ልጨምር። በስድስቱ መስመሮች ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው የግሥ ባለቤት የሚሆነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ «ተኝቼበት»፣ «ልቀኝ ብዬ»፣ «ሳልደፋ»። መጀመሪያ ይተኛል፤ ቀጥሎ ያስባል፤ በመጨረሻ ሳይፈጽም ይቀራል። በቀሩት ሁሉ ወይ ሌላ ሰው አድራጊ ነው፤ ወይ ቤቱ ተደራጊ ነው፤ ወይ ክረምቱ አድራጊ ነው። ቤት የሌለው ሰው በዐረፍተ ነገሩም ውስጥ ባለቤትነቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን እኔ አላቀናሁትም፤ ስለ ተከራይ ሰው በአማርኛ በቀጥታ ሲነገር ግሡ በራሱ ወደዚያ ያዘነብላል።

ሦስተኛው ኅብር «ቤት ደፋ» የሚለው ነው። በፊደል ገበታችን እያንዳንዱ ፊደል ከነሰባት ድምፁ እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል፤ የለ ቤት፣ የመ ቤት እንላለን። በግጥም መጨረሻ ላይ የመስመሮቹ ፊደላት ሲገጥሙ ቤት መታ ወይም ቤት ደፋ ይባላል፤ የሚያገጥመውም ፊደል ቤት መድፊያ ነው። በተራ አነጋገር ደግሞ ደፋ ማለት ገለበጠ፣ አፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ ግጥሙ ቤት ሳይደፋ መኖሪያው ተደፋ፤ ገጣሚው ሊፈጽመው ያልቻለውን ሥራ ክረምቱ በቤቱ ላይ ፈጸመው።

ይህን መስመር ለአባባ ባነበብሁላቸው ጊዜ ሳቁ። ያሳቃቸውም እኔ የኮራሁበት ኅብር አልነበረም፤ «ደፋልኝ» የሚለው ቃል መጨረሻ ነበር። ቤት የፈረሰበት ሰው «ደፋብኝ» ይላል፤ «ብኝ» የጉዳት፣ «ልኝ» የጥቅም ነውና። የተጎዳ ሰው «ልኝ» ካለ ግን እያመሰገነ አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚሰማ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ነገሩ ለዚያ ሰው ነው አሉኝ። እውነትም በአማርኛ እንዲህ ያለው የሽሙጥ ምስጋና ሥራውን መሥራት ሲገባው ላልሠራው ሰው የሚላክ ነው። የግጥሙ ወርቅ ከዚህ ላይ ይገኛል። ክረምቱ የመጣው በጊዜው ነው፤ ወቀሳው የሚሄደው ከክረምት በፊት መምጣት ወደ ነበረበት ነው።

5. ወቀሳው የሚሄድበት

ያ ሰው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ወደ ከተማይቱ ታሪክ እንደርሳለን። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱ ሰፈር ተሰጠ፤ ተከታዮቻቸውና አገልጋዮቻቸውም በየሰፈሩ ጎጆ ቀለሱ። ከተማይቱ ስታድግ መሬቱ የጥቂቶች ሆነ፤ ብዙው ሕዝብ ጪሰኛና ተከራይ ነበር። በሰው መሬት ላይ ያለ ሰው ነገ መነሣቱን እየፈራ ለሃያ ዓመት የሚሆን ቤት አይሠራም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ማለቱ ለድሃው ትልቅ ዕረፍት እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ነገር ግን ያ ትንሽ ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም፤ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያመነታ ነበር። አንዱ ባለቤት ሆኖ አያድስም፤ ሌላው እየኖረበት ባለቤት አይደለም። በሁለቱ መካከል ቋሚው በሰበሰ። የቀበሌ ቤት በከተማው አነጋገር የአሮጌ ቤት ሌላ ስም ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በስፋት ተሠርተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በካዛንቺስ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ስለዚህ ሥራ ደግም ክፉም መናገር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ይህ ነው፤ ዛሬ ስለ ቤት መውደቅ የሚገጥም ሰው ከክረምቱ ሌላ የሚጠራው አድራጊ አለው።

6. በሌላው ዓለም

ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል ከማረኩኝ ግጥሞች አንዱ የቻይናው ባለቅኔ ዱ ፉ ስለ ጎጆው የጻፈው ነው። የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር በ761 ዓ.ም. በቼንግዱ ከተማ እንደ ሆነ ይነገራል። የመጸው ነፋስ የጎጆውን ሣር ይገፍፈዋል፤ የመንደሩ ልጆች ሣሩን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሌሊቱን ዝናቡ በመኝታው ላይ ያፈስሳል። ባለቅኔው በመጨረሻ ለራሱ ቤት አይለምንም፤ በዓለም ያሉትን ድሆች ሊቃውንት የሚያስጠጋ እጅግ ሰፊ ቤት ቢገኝ የእኔ ጎጆ ትፍረስ ይላል። በእርሱም ዘንድ የፈረሰው ጎጆ ከአንድ ሰው ችግር አልፎ የብዙዎችን መጠለያ የሚጠይቅ ሆኗል።

ከዚህ በተቃራኒ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ያለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። በዚያ ምሳሌ በአሸዋ ላይ የተሠራው ቤት ሲወድቅ ጥፋቱ የሠሪው ነው፤ ልባም ሰው በዐለት ላይ ይሠራልና። ምሳሌው የተነገረው ስለ እምነት እንጂ ስለ ግንባታ አይደለም። ነገር ግን በልማድ ወደ ሌላው ግጥም ሁሉ ይዘነው እንገባለን፤ ቤቱ ከወደቀ ሠሪው ሰንፏል እንላለን። የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ የተሳሳተው በዚሁ ነበር። ድሃ ቦታውን የሚመርጠው እምብዛም ነው፤ ዐለቱም ባለቤት አለው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የቆመው በጥቂት ቃላት ላይ ነው፤ መደብ፣ ባላ፣ ማገር፣ ምርጊት፣ ልስን፣ ቋሚ። በዚህ ዓመት ክፍል ውስጥ «መደብ ምንድን ነው» ብዬ ብጠይቅ የመኝታውን ትርጉም የነገሩኝ ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ። ሌሎቹ ያደጉት በሲሚንቶ ቤት ነውና አልወቅሳቸውም፤ የጭቃ ቤት ቀርቶ የተሻለ ቤት ቢመጣ የሚያዝን ሰው ካለ ጭቃ ቤት ያላደረ ነው። ነገር ግን ሰሙ ሲረሳ ወርቁም ይዘጋል። በአባቶቻችንና በእናቶቻችን እንጉርጉሮ ውስጥ ተሰውሮ ያለው ወቀሳ ነገ እንደ ተራ ልቅሶ ሊነበብ ነው።

ስለዚህ የቃል ግጥም የሚሰበስቡ የማኅበራችን አባላት ግጥሙን ብቻ ጽፈው እንዳይመለሱ አሳስባለሁ። ግጥሙ የተነገረበት ቤት በምን እንደ ተሠራ፣ ቋሚው በስንት ዓመት እንደሚለወጥ፣ ማን እንዳደሰው፣ ኪራዩ ለማን እንደሚከፈል አብረው ይመዝግቡ። መጠየቅ የሚገባውም ገጣሚው ብቻ አይደለም፤ ጭቃውን የረገጠውም ሰው ነው።

አባባ በመጨረሻ ስለ ግጥሙ ምን እንደሚያስቡ ጠይቄአቸው ነበር። ሁለት መስመር ይጎድለዋል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰውየው ምን እንዳደረገ አልተነገረም አሉኝ። እሳቸው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ምርጊት ያድሱ ነበርና የሚጎድለው ይኸው እንደ ሆነ ያውቃሉ። ሁለቱን መስመር እስካሁን አላቀናሁም።